የተዘጋው ክፍል ድንጋዮች

ጥያቄ፦ እዚህ ዓለም ከተማ አንዲት የማዕድን ማሳያ ክፍል ተዘግታ ኦፓሉ፣ ዶማውና መዶሻው በጆንያ ተቀምጧል። እንዴት ጠብቀን እንመዝግበው?

መልስ፦ እባካችሁ ማጽዳቱን አታስቀድሙ። መጀመሪያ ጆንያዎቹን እንዳሉ ፎቶ አንሱ፤ የትኛው ድንጋይ ከየትኛው ጆንያ እንደወጣ ራሱ መረጃ ነው። ከድንጋዩ ጋር የተገኘች ቁራጭ ወረቀት እንኳ አትጣል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኦፓሉ ነው። ኦፓል በውስጡ ውሃ አለው። የመንዙ ሲደርቅ በመሰንጠቅ ይታወቃል፤ የወሎው፣ የወገል ጤናው፣ ደግሞ ውሃና ዘይት ይመጥጣል። ስለዚህ አትጠቡት፣ ዘይት አትቀቡት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት። እያንዳንዱን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሳጥን ውስጥ፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ቦታ አኑሩት። የመለያ ቁጥሩም በሳጥኑና በመመዝገቢያ ካርዱ ላይ እንጂ በድንጋዩ ላይ አይጻፍ።

የዶማውንና የመዶሻውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ዝገቱን ግን አትፈግፍጉት።

ቁጥሩ ለምሳሌ 2018.1.7 ሊሆን ይችላል፦ የተመዘገበበት ዓመት፣ ስብስቡ፣ ዕቃው። መጠኑን፣ ክብደቱን፣ ጉዳቱን፣ የተቆፈረበትን ቦታና የሰጠውን ሰው ጻፉ። ያልታወቀውን ባዶ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት። መዝገቡን በሁለት ቅጂ ሠርታችሁ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ዝርዝሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ከዚያ በፊት ግን የቆፈሩትን አባቶች ድምፅ ቅዱ፤ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።