ከጋላክሲዎች እምብርት የሚወጣ ነፋስ

በላይ ጋይንት የምትገኘው ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ነፋስ በዓይን አይታይም፤ አቅጣጫውን የምናውቀው በሚያነሣው አቧራና በሚያጎነብሰው የገብስ ማሳ ነው። በሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት የሚነሣውን የጋዝ ነፋስም የምናውቀው በምልክቱ ሲሆን፣ ምልክቱ ብርሃን ነው። በዚህ ጽሑፍ ምልክቱ እንዴት እንደሚነበብና የት ላይ እንደሚያሳስት እንመለከታለን።

ንቁ ጋላክሲ የምንለው በመካከሉ ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ እየሳበ የሚገኘውን ነው። ጋዙ ወደ ጉድጓዱ ሲቃረብ እጅግ ይግላል፤ ከዚህ የሚመነጨው ኃይለኛ ብርሃንም በዙሪያው ያለውን ጋዝ ወደ ውጭ ይገፋል። ከዋክብት የሚወለዱት ከቀዝቃዛ ጋዝ ስለሆነ፣ ነፋሱ ጋዙን ጠራርጎ ካወጣው ጋላክሲው አዳዲስ ከዋክብት መውለዱን ሊያቆም ይችላል። የነፋሱን ፍጥነት መለካት ስለ ጋላክሲው ዕጣ መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ካርል ሲፈርት የእነዚህን ጋላክሲዎች ባሕርይ በስፔክትረማቸው ሰፋፊ መስመሮች ለይቶ አሳየ። ካጠናቸው አንዱ ሜሲዬ 77 ነው። ይህ ጋላክሲ በጥቅምት መጨረሻ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰማይ ወደ አናት ተጠግቶ ያልፋል፤ በባዶ ዓይን ግን አይታይም።

ብርሃን የሚያመነጭ ጋዝ ወደ እኛ ሲቀርብ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ያጥራል፤ ሲርቅ ይረዝማል። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን የሚሰጠው አረንጓዴ መስመር ጋዙ ወደ እኛ ሳይቀርብም ሳይርቅም 500.7 ናኖሜትር ነው። ሜሲዬ 77 በሰከንድ 1,140 ኪሎ ሜትር ያህል ከእኛ ስለሚርቅ መስመሩን በ502.6 ላይ እንጠብቀዋለን። ከመስመሩ ጎን 501.6 ላይ ብርሃን ብናገኝስ? ከ500.7 ጋር ያነጻጸረ ተማሪ «ጋዙ እየራቀ ነው» ይላል። ከጋላክሲው ጋር ያነጻጸረ ግን አንዱን ናኖሜትር ለ502.6 አካፍሎ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያባዛና፣ ጋዙ በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ እኛ እንደሚመጣ ይደርስበታል። መነሻውን መሳት መልሱን ይገለብጠዋል።

ሆኖም ወደ እኛ የሚመጣ ጋዝ ሁሉ ከእምብርቱ የሚወጣ አይደለም። ከጋላክሲው ጋር የሚሽከረከር፣ ወይም ከእምብርቱ ወዲያ ሆኖ ወደ ውስጥ የሚወድቅ ሊሆን ይችላል። ሽክርክሪቱን ከከዋክብቱ እንቅስቃሴ ለክተን እንቀንሳለን። ጋዙ የእምብርቱን ብርሃን የሚውጥ ከሆነ ደግሞ በእኛና በእምብርቱ መካከል እንዳለ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለ ጋዝ ወደ እኛ ከመጣ በእርግጥ እየወጣ ነው።

በእንጦጦ ተራራ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ትልልቅ የዓለም ቴሌስኮፖች ያነሷቸው በርካታ ስፔክትረሞችም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ስለዚህ የስማዳ ተማሪም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካገኘ ይህን ስሌት በእውነተኛ መረጃ ሊሠራው ይችላል። ሲሠራ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ፍጥነቱ ከምን አንጻር ነው? ጋዙስ ከእምብርቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?