የአኩሪ አተር ወተት ለልጆቻችን

የጾም ወራት በተቃረበ ቁጥር በውጭ አገር በምንኖር ወላጆች መካከል የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከአኩሪ አተር የሚሠራው ወተት ለልጆች ይስማማል ወይስ ይጎዳል የሚለው ነው። አንዱ ወገን ከእህል የተገኘ በመሆኑ ብቻ ተማምኖ ለጡት ልጅ ሳይቀር በጡጦ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ «ወንድ ልጅን ሴት ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ከነጭራሹ ከቤቱ ያርቀዋል። ሁለቱም መንገዱን ስተዋል። መልሱ የሚገኘው በልጁ ዕድሜና በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ነገር ነው።

አኩሪ አተር ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋ፣ ቅንብሩ በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ ከስንዴ ጋር የአኩሪ አተር ዱቄት ይገባበት ነበር። ይሁን እንጂ ፋፋን ያዘጋጁት ባለሙያዎች በአኩሪ አተሩ ብቻ አልተማመኑም፤ የወተት ዱቄት፣ ቪታሚንና ማዕድን ጨምረውበታል። ይህን ማስታወሱ ለሚቀጥለው ነገር ይጠቅመናል።

በመጀመሪያ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን እንመልከት። ለእርሱ የላምም ሆነ የአኩሪ አተር ወተት የዘወትር መጠጥ ሊሆን አይገባም። የሚያስፈልገው የእናቱ ጡት ነው፤ እርሱ ካልተቻለ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀው የጣሳ ዱቄት ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራ የሕፃናት ዱቄትም አለ፤ በካርቶን ከሚሸጠው ወተት ጋር ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ዱቄቱ ሕፃኑ የሚፈልገው ሁሉ ተመጥኖ የሚገባበት ነው። ምጥኑ ቢጓደል የሚደርሰውን እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል የሆነው ነገር ያስረዳል። ከአኩሪ አተር የተሠራ አንድ የሕፃናት ዱቄት ቪታሚን ቢ 1 ጎድሎበት ለገበያ በመቅረቡ ሕፃናት ሞተዋል፤ ሌሎችም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ያ ሁሉ የደረሰው አንዲት ቪታሚን በመጓደሏ ነው። እናት በየዋህነት በጡጦ የምትሞላው የካርቶን ወተት ደግሞ ከመነሻውም ለሕፃን ተብሎ አልተመጠነም።

የአኩሪ አተሩ የሕፃናት ዱቄት ጋላክቶሲሚያ የሚባል የተፈጥሮ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት ትልቅ ጥቅም አለው። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ግን አይመከርም። በእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎቱ የሚመክረው ሐኪም ሲያዝ ብቻ እንዲሰጥ ነው።

ወደ ወሬው እንመለስ። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። በአኩሪ አተር ውስጥ ኢሶፍላቮን የሚባሉ፣ የሴት ሆርሞንን በመጠኑ የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ሰው እጅግ የበዛ መጠን ስለሚወስድ፣ ሊቃውንቱ የተጨነቁት ስለ እርሱ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመርዛማ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2010 የሕፃናቱን ዱቄት መርምሮ ሥጋቱን ካሉት አምስት ደረጃዎች ከታች በሁለተኛው ላይ አስቀምጦታል። በቀን አንድ ሁለት ብርጭቆ የሚጠጣ የ4 ዓመት ልጅ ሴት ይመስላል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ከእህልና ከፍሬ ከሚሠሩት ወተቶች መካከል ወደ ላም ወተት የሚቀርበው የአኩሪ አተሩ ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው የአኩሪ አተሩ 7 ግራም ያህል አለው፤ የለውዝ ዘመዱ የአልመንድ ወተት 1 ግራም ያህል ብቻ ነው። የሩዝ ወተት በውስጡ ባለው አርሴኒክ ምክንያት በእንግሊዝ ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንዳይሰጥ ተመክሯል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ከወተት ተዋጽኦ ጋር የቆጠረው ይህንኑ የአኩሪ አተር ወተት ነው፤ ነገር ግን ካልሲየም፣ ቪታሚን ኤና ቪታሚን ዲ የተጨመረበት ሲሆን ብቻ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ የአትላንታ ሐኪሞች የሁለት ሕፃናትን ታሪክ አውጥተው ነበር። አንዱ የሩዝ መጠጥ እየጠጣ በፕሮቲን እጥረት ሰውነቱ አብጦ ክዋሺኦርኮር ያዘው፤ ሌላው ቪታሚን ያልተጨመረበት የአኩሪ አተር መጠጥ እየጠጣ ሪኬትስ በሚባለው የአጥንት መለስለስ ታመመ። ያ የሆነው ምግብ በሞላበት ከተማ ነው። ፀሐይ በሚያጥርበት አገር የጠቆረ ቆዳ ቪታሚን ዲን እንደ ልብ ስለማይሠራ የእኛ ልጆች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት «ፎርቲፋይድ» እና «አንስዊትንድ» የሚሉትን ቃላት እንፈልግ፤ የፊተኛው ማዕድንና ቪታሚን እንደተጨመረበት፣ የኋለኛው ስኳር እንዳልገባበት ይነግረናል። ካልሲየሙ ከሥር ስለሚዘቅጥ ካርቶኑን መነቅነቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ «ባዮ» በተባለው ወተት ላይ ካልሲየም መጨመርን ስለሚከለክል፣ በዋጋ የበለጠው ለልጁ አጥንት ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጾሙም አንድ ነገር እንበል። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልጆች መጾም የሚጀምሩት ከ7 ዓመት ነው። እንግዲህ የ2 ዓመት ሕፃን ወላጆቹ ስለጾሙ ወተቱ እንዲለወጥበት የሚያስገድድ ሥርዓት የለም፤ የላም ወተት ቅባቱም በዚያ ዕድሜ ይጠቅመዋል። ጾም የጀመረው ልጅ ግን በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቪታሚን ቢ 12 የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት ቢጠጣ መልካም ነው፤ ይህ ቪታሚን በሽሮና በምስር አይገኝምና።

አኩሪ አተር ራሱ አለርጂ የሚያስነሣባቸው ልጆች አሉ፤ የላም ወተት ከማይስማማቸው መካከልም ጥቂቶቹ እርሱም አይስማማቸውም። የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ያላችሁ፣ አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይሰርግ ስለሚያውክ ለሐኪሙ ንገሩት። በቤታችሁ የምታዘጋጁትም በደንብ ይፍላ፤ ጥሬው የፕሮቲንን መፈጨት ያግዳል። ደግሞም በቤት የተሠራው ካልሲየም አልተጨመረበትምና በብርጭቆ ቁጥር ከገበያው ጋር አትተካኩት።