ምክንያትን የሚያስረዳ ድርሰት፦ ዳገት ላይ የጠፋው ሞተር

ባለፈው ትምህርት ተራኪ ድርሰት «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ እንደሚከተል ተመልክታችኋል። አሁን የምታጠኑት አስረጂ ድርሰት ደግሞ «ለምን ሆነ?» እያለ ይጠይቃል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪዎች ምክንያትን ለመጻፍ ተነሥተው ጊዜን ጽፈው ይጨርሳሉ። ይህ ስሕተት በደብተር ላይ ሲፈጸም ነጥብ ያስቀንሳል። በሥራ ላይ ሲፈጸም ምን እንደሚያስከትል ከሚቀጥለው ምሳሌ ትረዳላችሁ።

ወሩ ኅዳር ነው እንበል። በጅማ ዙሪያ በሚገኙት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሰቃ፣ በሊሙ ገነት የቡናው ፍሬ ቀልቶ ለቀማው ደርቷል። አንድ አሮጌ ባለናፍጣ ላንድ ክሩዘር ከአጋሮ ወጣ ካለ መንደር ቀይ እሸት ቡና በጆንያ ጭኖ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ይጓዛል። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል፤ በጆንያ ታፍኖ ካደረ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳል። መኪናው ዳገቱን አጋምሶ ሳለ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ያህል ከቆመ በኋላ ሲያስነሡት ይነሣል፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ይጠፋል። ሾፌሩ አምሽቶ ከጋራዥ ሲደርስ ለመካኒኩ እንዲህ ይለዋል፦

«ዳገት ስለወጣ ጠፋ። ሞተሩ ስለጋለ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም፤ ስለበረደ እንደገና ተነሣ።»

በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ «ስለ» ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ ሦስቱም ጊዜ ያለ ቦታው ነው። ሾፌሩ በዓይኑ ያየው ሞተሩ ዳገት ሲወጣ መጥፋቱንና ጥቂት ከቆየ በኋላ መነሣቱን ነው። መጋሉን አላየም፤ ገመተው እንጂ። «ዳገት ሲወጣ ጠፋ» ቢል ኖሮ ጊዜውን ብቻ ይናገር ነበር፤ ምክንያቱም ገና የሚፈለግ ነገር ሆኖ ይቆይ ነበር። «ስለወጣ» ሲል ግን ፍለጋውን ዘጋው። ንግግሩን አምኖ የተቀበለ መካኒክ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሲመረምር ይውላል፤ ወይም ከሁሉ የባሰ፣ ውድና ረቂቅ የሆነውን ኢንጀክሽን ፖምፓ ይፈታል።

«ታዲያ ዳገት ባይወጣ ኖሮ አይጠፋም ነበር፤ ዳገቱ ምክንያት ነው» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ጥሩ ክርክር ነው። «ባ … ኖሮ» የሚለው አነጋገር ምክንያትን ለመፈተን ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሌላ ጥያቄ ጨምሩበት፦ ሌሎች መኪኖች ያንኑ ዳገት ሲወጡ ለምን አልጠፉም? ይህስ መኪና አምና ለምን አልጠፋም? ሞተር ዳገት ሲወጣ ከሜዳው ይልቅ ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል። መንገዱ በከፊል የተደፈነበት ናፍጣ ለሜዳው ይበቃል፤ ለዳገቱ ያንሳል። እንግዲህ ዳገቱ የተሸሸገውን ጉድለት አወጣው እንጂ አልፈጠረውም።

ለመሆኑ መንገዱ የቱ ነው? ናፍጣ ከሰልባትዮው በመምጠጫው ወንፊት በኩል ይወጣል፤ በቱቦ ተስቦ ወደ ሳቢው ፖምፓ ይመጣል፤ በፊልትሮ ተጣርቶ ወደ ኢንጀክሽን ፖምፓ ይገባል፤ ከዚያ በከፍተኛ ግፊት ተገፍቶ በኖዝሎቹ ይረጫል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በእሳት ብልጭታ አይቀጣጠልም፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግለት ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ ናፍጣው በበቂ መጠን ካልደረሰ፣ ወይም አየር ከተቀላቀለበት ሞተሩ ይጠፋል። የድርሰታችሁም ቅደም ተከተል ይህንኑ መንገድ ቢከተል አንባቢው አይጠፋበትም።

አሁን አንድ ጠንቃቃ መካኒክ ለባለመኪናው የጻፈው ነው ብላችሁ የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«መኪናው ዳገት ሲወጣ ይጠፋ ነበር። አየር ያነሰው ሞተር ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ የዚህ መኪና ጭስ ጥቁር ስላልነበረ ምርመራዬን በናፍጣው መንገድ ጀመርሁ። ሞተሩ እንደ ጠፋ የሰልባትዮውን ክዳን ቀስ ብዬ ከፈትሁ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ፉጨት ይሰማ ነበር፤ አልተሰማም። ቀጥዬ ፊልትሮውን ብፈታው ውሃና ዝቃጭ አገኘሁበት፤ ለወጥሁት። ይሁን እንጂ መኪናው በማግስቱ እዚያው ዳገት ላይ ጠፋ። ስለዚህ የፊልትሮው መቆሸሽ እውነት ቢሆንም ብቸኛው ምክንያት አልነበረም። ንጹሕ ናፍጣ የሞላበትን ጀሪካን አስሬ በአዲስ ቱቦ ከሳቢው ፖምፓ ጋር አገናኘሁት። መኪናው ዳገቱን ሳይንተፋተፍ ወጣ። ፖምፓዎቹ፣ ፊልትሮውና ኖዝሎቹ በሙሉ ደኅና መሆናቸው በዚህ ታወቀ፤ ጉድለቱ ከሳቢው ፖምፓ ወደ ኋላ፣ ከቱቦው ወይም ከሰልባትዮው ነው። ሰልባትዮውን አውርጄ ባጥበው ዝገትና ጭቃ ወጣ። ሞተሩ ሲስብ ዝቃጩ ከወንፊቱ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ሞተሩ ሲጠፋ ስበቱ ስለሚቆም ይረግፋል። መኪናው ጥቂት ቆይቶ ይነሣ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።»

መካኒኩ «ስለ» የሚለውን ምን ያህል እንደ ቆጠበው አስተውሉ። «ጭሱ ጥቁር ስላልነበረ» ያለው ያየውን ነገር ይዞ ነው፤ «ስበቱ ስለሚቆም» ያለውም ሰልባትዮውን አጥቦ ዝቃጩን ካየ በኋላ ነው። ከሁሉ ይልቅ «እውነት ቢሆንም ብቸኛው ምክንያት አልነበረም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሊጠና ይገባዋል። ሰነፍ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ጉድለት እንዳገኘ ብዕሩን ያስቀምጣል። የጀሪካኑ ሙከራም እንዲሁ ነው፤ መንገዱን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ነጻ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍለጋ አጭር ነው።

አሳሳች የሆነ ሌላ ዐረፍተ ነገር እነሆ፦ «ቱቦው ናፍጣ ስለማያንጠባጥብ ደኅና ነው።» ሰዋስዉ አልተሳሳተም፤ ሐሳቡ ግን ስሕተት ነው። ከሰልባትዮው እስከ ሳቢው ፖምፓ ያለው ቱቦ የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ስለዚህ ቢሰነጠቅ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። በቱቦው ፈንታ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገጠም የአየር አረፋው በዓይን ይታያል። ትክክለኛ ሰዋስው የተሳሳተ ምክንያትን እንደማያድን ከዚህ ተማሩ።

ቅደም ተከተልን ለመግለጽ ቦዝ አንቀጽ ያገለግላችኋል። አየር የገባበትን የናፍጣ መንገድ ስለ ማስተንፈስ የሚከተለውን ተመልከቱ፦ «በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን ብሎን አላልቶ፣ የእጅ ፖምፓውን አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ተጭኖ፣ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል።» «አላልቶ» እና «ተጭኖ» ቦዝ ናቸው፤ «ያጠብቃል» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዞቹን ብታፈራርቁ ትእዛዙ ይበላሻል፤ ብሎኑ ሳይላላ ፖምፓው ቢጫን አየሩ መውጫ አያገኝምና። «እስኪያልቅ ድረስ» የሚለውን መተውም እንዲሁ ያሳስታል፤ ሠራተኛው የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ማስጠንቀቂያ ደግሞ በቦዝ መካከል አይሸሸግም፤ ራሱን ችሎ በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፋል፦ «ናፍጣ ሲፈስ እሳት አታቅርቡ። ሞተሩ ሲሠራ እጃችሁን ከኖዝል ቱቦ አጠገብ አታድርጉ።» ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ ግፊቱ ከ100 አትሞስፌር በላይ ስለሆነ ቆዳን በስቶ ይገባል።

ከላይ የተጠቀምንባቸው ናፍጣ፣ ሰልባትዮ፣ ፖምፓና ፊልትሮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ካቻቪቴም እንደዚሁ ነው። ተማሪዎች እነዚህን ቃላት «የጋራዥ ቋንቋ» ብለው ከድርሰታቸው ሲያስወጡ እናያለን። ይህን አንመክርም። መካኒኩ «ፊልትሮ» የሚለውን እናንተ በራሳችሁ ፈጠራ «የነዳጅ አንጣሪ አካል» ብትሉት ጽሑፋችሁን ይዞ ጋራዥ የሄደ ሰው መግባባት ያቅተዋል።

መልመጃ

ሀ. የሾፌሩን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች፣ ያየውን ብቻ እንዲናገሩ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ። «ስለ» የሚለውን አትጠቀሙ።

ለ. «ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ተነሣ» በሚለው ዐረፍተ ነገር «ተከፍቶ» የሚያመለክተው ቅደም ተከተልን ነው ወይስ ምክንያትን? ሁለቱንም ትርጉም ለየብቻ የሚገልጹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ካለ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት ወይም የቡና መፈልፈያ ሄዳችሁ አንድ ሞተር እንዴት እንደ ተበላሸና ጉድለቱ እንዴት እንደ ተገኘ ባለሙያውን ጠይቁ። የነገራችሁን በሁለት አንቀጽ ጻፉ። «ስለ» ባላችሁበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ አስምራችሁ፣ ምክንያቱ በምን እንደ ተረጋገጠ በኅዳጉ ላይ አመልክቱ።