የቤት ውስጥ የኩላሊት እጥበት፦ የሥልጠናና የድጋፍ መስፈርቶች

ፔሪቶኒያል ዳያሊሲስ በሆድ ዕቃ ሽፋን አማካይነት የሚከናወን፣ ሕመምተኛው በቤቱ የሚያካሂደው የኩላሊት እጥበት ነው። በእጅ በሚሠራው ዘዴ ፈሳሹ በአብዛኛው በቀን 4 ጊዜ ይለወጣል፤ ይህም በዓመት 1,460 ጊዜ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ የካቴተሩ ጫፍ ስለሚከፈት፣ አንድ የንጽሕና ጉድለት እንኳ የሆድ ዕቃ ሽፋን ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል።

በመሆኑም የሥልጠናው መለኪያ የሰዓቱ ብዛት ሳይሆን የሠልጣኙ ብቃት ሊሆን ይገባል። ሠልጣኙ እጁን ታጥቦ ማድረቅን፣ ካቴተሩን ሳይበክል ማገናኘትንና የወጣውን ፈሳሽ መጠን መመዝገብን በነርስ ፊት ደጋግሞ በተግባር ማሳየት አለበት። የሚወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ ወይም ሆዱን ካመመው፣ ሳይውል ሳያድር ለሕክምና ማዕከሉ ማሳወቅ እንዳለበትም ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባል። ማንበብ አለመቻል በራሱ ከሕክምናው የሚያስቀር ምክንያት አይደለም፤ በሥዕልና በልምምድ ማስተማር ይቻላል።

ከሥልጠናው በኋላም የስልክ ምክር፣ የቤት ጉብኝትና ያልተቋረጠ የፈሳሽ አቅርቦት ያስፈልጋሉ። ዓለም አቀፉ የፔሪቶኒያል ዳያሊሲስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ የኢንፌክሽኑ መጠን ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት ከ0.40 ጊዜ እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ መለኪያ የሚመዝነው ማዕከሉን ነው፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ሲከሰት ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ከመጣል ይልቅ አሠራሩን መመርመርና እንደገና ማሠልጠን የማዕከሉ ኃላፊነት ነው።