ፍልስፍና ልትማር ለተነሳች የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እናትሽ ትናንት ማታ ደውላ «ሦስት ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ርካሹን ምረጥላት» አለችኝ። ፍልስፍና መምረጥሽን ወድጄዋለሁ። ዋጋውን በተመለከተ ግን፣ እዚህ ሜሪላንድ ሁለት ልጆች አስተምሬ የተማርኩትን ልንገርሽ።

1. በተጠራው ዋጋ አትደንግጪ። ነገሩ እንደ መርካቶ ነው፤ ብዙው ሰው የተጠራውን አይከፍልም። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች አንድ ቤተሰብ በመጨረሻ ስንት እንደሚደርስበት የሚገምት ማስያ ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ይገደዳሉ። የቤታችሁን ገቢ አስገቢና እዪው። ሃርቫርድ ከ2025 መኸር ጀምሮ የዓመት ገቢው 200,000 ዶላር ለማይበልጥ ቤተሰብ ልጅ የትምህርት ክፍያውን ትቷል። በስሙ ውድ የሆነው ለኪስሽ ርካሽ ሊሆን ይችላል።

2. ስጦታንና ብድርን ለዪ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ለትልቁ ልጄ የመጣው ደብዳቤ ሁሉንም «እርዳታ» ብሎ ደርድሮ፣ ድምሩን ከታች አስቀምጦ ነበር። ደስ ብሎን ፈረምን። ከግማሽ በላዩ ብድር መሆኑን፣ አንዱም በእኔ በአባትየው ስም መውጣቱን ልብ ያልኩት የመክፈያው ወረቀት ሲመጣ ነው። አንቺ እስክሪብቶ ይዘሽ አንብቢ። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ስጦታ አይመለስም፤ በ2024–25 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ወርክ ስተዲ ሠርተሽ የምታገኚው ደመወዝ ነው። ብድርም ቢሆን፣ እስክትመረቂ መንግሥት ወለዱን የሚከፍልልሽ አለ፤ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ወለድ የሚቆጥርብሽም አለ። ከዓመቱ ወጪ ላይ ስጦታውን ብቻ ቀንሺ፤ የቀረው ነው ዋጋው። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ እንዲታደስ ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅም ጠይቂ።

3. ኮሚኒቲ ኮሌጅን አትናቂ። ለባችለር ዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ክሬዲት ውስጥ የፍልስፍናው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከሲሶ አይበልጥም። የቀረው ሒሳብ፣ ጽሕፈት፣ ሳይንስና የመሳሰለው ነው። እሱን እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምረሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ብትሻገሪ ምን ይጎድልብሻል? ብቻ የሎጂክና የሥነ ምግባር ኮርሶችሽ ለፍልስፍናው ዲግሪ እንደሚቆጠሩልሽ አስቀድመሽ በጽሑፍ አረጋግጪ።

4. ለሕንጻ አትክፈዪ። ፍልስፍና ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ መጻሕፍትና ጽሑፍሽን አንብቦ የሚሞግትሽ መምህር ይበቃል። ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር የዘርዓ ያዕቆብን የፍልስፍና ሐተታ ለዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ነው። ወረቀትሽን ማን እንደሚያርምና ክፍሉ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቂ።

5. ከዲግሪው በኋላ ያለውንም አስቢ። በጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎች የፍልስፍና ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም የኑሮ ገንዘብ ይሰጠዋል። የሕግ ትምህርት ቤት ግን በብዛት በብድር ነው። ወደዚያ ካዘነበልሽ የአሁኑን ዕዳ አሳንሺው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱንም ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ አንድ በአንድ እንደምራቸዋለን። እስከዚያ በአንዱም ላይ አትፈርሚ።