የአሮጌ መኪና ድምፅ ስለሚመረመርበት ሁኔታ

በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የላንድ ሮቨር ዓይነት መኪና አርጅቶ እንግዳ ድምፅ ሲያሰማ፥ ከመፍታት በፊት ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ማስተዋል ይገባል።

መኪናው ሲነሣ ቋ የሚል እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ኃይልን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ፥ ማለት ክሮቼራው፥ ተበልቷል። ሞተሩ ጠፍቶ፥ ማርሹ ነጻ ሆኖ፥ ጎማዎቹም በድንጋይ ተደግፈው፥ ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ ልልነቱ ይታወቃል።

ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚለዋወጥ ፉጨት የዲፈረንሻሉን ጥርሶች ያመለክታል፤ አስቀድሞ ዘይቱ ይታይ። ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ፥ መሪ ሲዞርም የሚለወጥ ጉርምርምታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ዘንጉ በጉዞ ላይ ቢወልቅ ወይም ኩሽኔታው ቢነክስ ጉዳቱ በዕቃ ብቻ አይቀርም፤ የሰው ሕይወትም ይጠፋል። ስለዚህ ድምፁ ሳይመረመር ዘርም ሆነ ሰው ተጭኖበት ወደ ሩቅ አገር እንዳይወጣ ሹሙ ይከልክል።