የብርጌድ አደረጃጀትና የጃህራ ውጊያ ትምህርት

በዚህ እትም የምናጠናው ከሚርቃብ ብዙም ሳይርቅ የተፈጸመ ታሪክ ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ጃህራን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። በዚያ አካባቢ ካሉት የመንገድ ድልድዮች አጠገብ አንድ ያልተሟላ ብርጌድ ለግማሽ ቀን ያህል የወራሪ ክፍለ ጦሮችን ጉዞ አውኳል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ሀ) ብርጌድ ምንድን ነው?

በእግረኛ ጦር ውስጥ ጓዶች ተሰባስበው መቶ፣ መቶዎች ሻምበል፣ ሻምበሎች ሻለቃ፣ ሻለቆች ደግሞ ብርጌድ ይሆናሉ። በብዙ አገሮች አንድ ብርጌድ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ይይዛል። ከሻለቃ የሚለየው ዋናው ነገር ግን መድፍ፣ መሐንዲስ፣ መገናኛ፣ ሕክምናና ስንቅና ትጥቅ በአንድ ዕዝ ሥር ይዞ ለብቻው መዋጋት መቻሉ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ተመድቦ ነበር። በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ የዘመተው ጠቅል ግን ብርጌድ ነበረ።

ለ) 35ኛው ብርጌድ በጃህራ

የኩዌት 35ኛ ብርጌድ የብረት ለበስ ብርጌድ ነው፤ እግረኛው በተሽከርካሪ ይንቀሳቀሳል። ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 1990) ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የኢራቅ ጦር ድንበር ሲጥስ ከአባላቱ ብዙዎቹ በዕረፍት ላይ ነበሩ። አዛዡ ኮሎኔል ሳሌም ማስዑድ አል-ሱሩር ለማሰለፍ የቻሉት 36 ቺፍቴን ታንኮች፣ አንድ የብረት ለበስ እግረኛ ሻምበል፣ አንድ የፀረ ታንክ ሻምበልና 7 ተሽከርካሪ መድፎች ያሉት አንድ ባትሪ ነበር።

ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በአንድ ዕዝ ተቀናጅተዋል። የሐሙራቢ ክፍለ ጦር በመንገዱ ላይ ተሰልፎ፣ ያለ በቂ ቅኝት ይጓዝ ስለነበር ድንገተኛ ተኩስ ገጠመው። ቆይቶም የመዲና ክፍለ ጦር ከደቡብ ምዕራብ በኩል መጣ። ብርጌዱ ግን ጥይቱ እያለቀ ሄደ፤ የሚተካለትም አልተገኘም። ስለዚህ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ድንበር አፈገፈገ።

ሐ) ከሽንፈት በኋላ

ከተማይቱ ተይዛለች፤ ብርጌዱ ግን አልተበተነም። በሳዑዲ ምድር እንደገና ተደራጅቶ፣ በዩጎዝላቪያ የተሠሩ ኤም-84 ታንኮችን ታጠቀ። በየካቲት 1983 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 1991) ኩዌትን ነጻ ባወጣው ዘመቻ ተሳትፎ ተመለሰ። ዛሬ «ሸሂድ» ማለትም «ሰማዕት» በሚል ስም ይጠራል።

መ) የምንቀስመው ትምህርት

አንደኛ፣ የበላይ ዕዝ ሲናጋ የበታቹ ክፍል ሥራውን የሚቀጥለው አስቀድሞ ከሠለጠነና ኃላፊነቱን ካወቀ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጀግንነት ስንቅና ትጥቅን አይተካም፤ ብርጌዱ ስፍራውን የለቀቀው ልቡ ሳይሆን ጥይቱ በማለቁ ነው። ሦስተኛ፣ በሥርዓት ያፈገፈገ ኃይል መልሶ ሊቋቋም ይችላል፤ የተበተነ ግን በቀላሉ አይሰበሰብም።

በባዕድ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ትምህርት ከጦር ሜዳ ውጭም እናውለው። ችግር ሲደርስ ማን ለማን እንደሚደውል፣ የታመመውን ማን እንደሚያደርስ፣ መዋጮው በማን እጅ እንዳለ ዛሬ ካልተወሰነ፣ በክፉ ቀን ሁሉም ለየራሱ ይሮጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ሻለቃና ብርጌድ በምን ይለያያሉ?
2. ብርጌዱ ጥይት ቢተካለት ኖሮ የውጊያው ውጤት ምን ያህል ይለወጥ ነበር?
3. ሰብሳቢያችን አንድ ቀን ባይገኝ ሥራችንን ማን ይቀጥላል?